የብስኩት ቆርቆሮ

ሚያዝያ በቺያንግ ማይ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ውሃ ነው አሮጌን በአዲስ የሚለውጥ።
ሶንግክራን ይሉታል፤ ሦስት ቀን ሙሉ
ልጅ አዋቂ ሳይል ባልዲ ያነሣሉ፤
ዳኛም ሆነ ሐኪም፣ ዓሣ ነጋዴ፣
ማንም ደርቆ አይገባም ቤቱ በዘዴ።

እኔ ዘበኛ ነኝ፣ ካምፓን ነው ስሜ፤
ከተማሪ ማደሪያ፣ ከደጁ ላይ ቆሜ
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ጠበቅሁ።
ከሌባ ነው ብለው ቀጠሩኝ፤ ሲቆይ አወቅሁ፦
ሌባው አጥር ዘሎ አይመጣም በማታ፣
በዓል ለብሶ ይገባል፣ በቀን፣ በእልልታ።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ሲባል
ምሳሌ ይመስላል።
በኛ መንገድ ላይ ግን ልክ እንደ ቃሉ ነው፦
ልጁ ሞተሩ ላይ፣ ወዳጁ ከኋላው፤
ከጭነት መኪና አንዱ ባልዲ ሙሉ በረዶ ውሃ
ፊቱ ላይ ይደፋል።
ይስቃል። ዓይኑን ይጨፍናል። ጎማው ይንሸራተታል።
ሳቁ ጥቂት ጊዜ አየር ላይ ይቆያል።

ማንጎው ሥር አንድ ሞተር አለ፣ ቀይ፣ ካቻምና የቆመ፤
ወንበሩ ላይ ድመት ወልዳለች፣ ሰንሰለቱ ዝጎ፣ ጎማው ደከመ።
አባትየው መጣ፣ መሪውን ዳሰሰ፤
ሳይወስደው ተመለሰ።

ዘንድሮ ነርሷ ፒምላፓት ቀድማ መጣች፤
ከደጄ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘረጋች፦
የሕይወት አድን ጨው በየፓኬቱ፣
ፋሻ፣ የዓይን ጠብታ፣ ቅባት ለጭረቱ፣
አንድ ካርቶን ኮንዶም፣ ክዳኑ ተከፍቶ።
(ማንም ሲነካው አላየሁም ከቶ፤
ሲነጋ ባዶ ነው።)
ለኔ የደረሰኝ የብስኩት ቆርቆሮ፦
"አጎቴ፣ የሞተር ቁልፍ ሁሉ እዚህ ይግባ ዘንድሮ።
ለጠጣ አይስጡት፤ ሄልሜት ለሌለውም፤
ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ እናትዎን ቢሰድብም።"

አርባ ሰባት ቁልፍ! አንደኛው ላይ ደወል፣
አንደኛው ላይ ጥፍር መቁረጫ ተንጠልጥሏል፤
ቆርቆሮው ሲነካ ልክ እንደ ጸናጽል።

በሁለተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አልፎ፣
ሱራዴት መጣ፣ ግድግዳ ተደግፎ፤
የግብርና ተማሪ፣
ጉንጩ ነጭ ጭቃ፣ ግራና ቀኝ እግሩ ተከራካሪ።
"ቁልፌን!"
ዝም።
"ቁልፌን፣ አንተ ሽማግሌ! እናቴ ታማለች፤
ላምፓንግ መሄዴ ነው፣ ትጠብቀኛለች።"
አልተቆጣሁትም። "እንግዲያ ደውልላት" አልኩ።
ደወለ። እኔም ጆሮዬን ጣልኩ።
ሴትዮዋ ከእንቅልፏ ባንና፦
"ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ? ነህ ወይ ደህና?"
እሱ ቃል አጣ።
አጎነበሰና ጫማዬ ላይ ያለውን ሁሉ አወጣ።

በጎኑ አስተኛሁት፣ እንዳየሁት ከነርሷ፣
አገጩን ቀና አድርጌ፣ ጉልበቱን አጥፌ፤
ትንኝ እየበላኝ፣ በርጩማ ላይ አርፌ
ትንፋሹን ቆጠርኩ።
እንደ ሰነፍ ተማሪ ሠላሳ ስደርስ እየጠፋኝ
እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።
አንድ ጊዜ ዝም አለ፣ ረዘም ያለ ዝምታ።
ያኔ ስንት እንደቆጠርኩ አልናገርም።
ከዚያ አንኮራፋ።
እንደዚያ ያማረ ዜማ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

በሦስተኛው ቀን፣ ወጉ ሲፈጸም፣
ወጣት የአዋቂን እጅ አጥቦ ይቅርታ ሲለምን፣
ሱራዴት ተንበረከከ።
ጃስሚን የተነከረበት ውሃ መዳፌ ላይ አፈሰሰ፤
ቀስ ብሎ፣ ጠብ ጠብ፣
ማንንም የማይጥል ውሃ።
ምርቃቱን ጠበቀ።
ረጅም ምርቃት አለን፤ ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፤
ሁሉም ጠፋኝ፣ እንደ ቁጥሩ፣ ያን ሌሊት ሳስብ እንደገና።
"ሄልሜትህን እሰር" አልኩት። "ከአገጭህ ሥር፣ ቀጭ እስኪል።"
በእርጥብ እጄ ቁልፉን አውጥቼ ሰጠሁት።
ባለ ጥፍር መቁረጫው የሱ ኖሯል።

ወደ ማታ ቆርቆሮውን ነቀነቅኩ።
አንድም ድምፅ የለም።
ክዳኑን ገጠምኩና ወተት ይዤ
ወደ ማንጎው ሥር ወረድኩ፣ ለድመቷ።